ውሻ ደጅ ሲጠና

የአየር ትንበያ አቅራቢው ካርታው ፊት ቆሞ ነጭ የተቀባውን ሰፊ ቦታ በመዳፉ ሲዳብስ፣ ቤት ውስጥ ያለ ፍጡር ሁሉ እንደየጠባዩ መሰናዳት ይጀምራል። ሰው ወደ ገበያ ይሮጣል። ድመት ከማሞቂያው አጠገብ ያለውን ወንበር ትይዛለች፤ ከሁሉ የላቀው ዝግጅት የእሷ መሆኑ የሚታወቀው ሰውየው በርዶት ሲመለስ ነው። ውሻ ደግሞ ጅራቱን እየቆላ በር ላይ ይቆማል፤ ስለ በረዶው የሰማው ነገር ኖሮ ሳይሆን ጌታው ካፖርቱን ሲለብስ አይቶ ነው።

ገበያ የወረደው ሰው ቢበዛ ሁለት ቀን ለሚዘልቅ በረዶ የከተማ ከበባ ስንቅ ይሸምታል። ወረፋ ላይ የቆመ ሁሉ የጎረቤቱን ጋሪ በዓይኑ ይሰልላል፤ አንዱ ሁለት ጥቅል ሻማ ከያዘ ቀጣዩ ተመልሶ አራት ያነሣል፣ ለምን እንደሆነ ግን ራሱም አያውቅም። ቤት ገብቶ ሲያራግፈው ጉዱ ይወጣል፦ ትልቁ ከረጢት የውሻ ምግብ፣ ከባዱ ከረጢት የድመት አሸዋ፣ ጣሳዎቹ የድመቷ፣ ጥሬው የወፉ። ለራሱ የገዛው ሻማና የባትሪ ድንጋይ ነው። በዚያ ቤት ሥልጣን የማን እንደሆነ ለማወቅ የፈለገ ደረሰኙን ማንበብ ይበቃዋል።

በደጉ ቀን ይህ ነገር አይታወቅም። በደጉ ቀን እኛ ጌቶች ነን፤ «ና» እንላለን፣ «ተቀመጥ» እንላለን፣ ስም እናወጣለን። በረዶ ሲወርድ ግን ሹመቱ ይገለበጣል፤ ወይም እኔ እንደሚመስለኝ፣ ድሮም የነበረው ሹመት ይፋ ይሆናል። ድመቷ እመቤት፣ ውሻው መስፍን፣ እኛ ደግሞ እልፍኝ አስከልካይ።

የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት አንድን ውሽንፍር የበረዶ ማዕበል ብሎ ለመጥራት መስፈርት አለው። ነፋሱ በሰዓት 56 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ መንፈስ አለበት፤ በረዶው ዓይን ከ400 ሜትር ወዲያ እንዳያይ መጋረድ አለበት፤ ይህም ሁሉ ቢያንስ ለ3 ሰዓት መዝለቅ አለበት። መስፈርቱ ውስጥ ስለ ውሻ አንድም ቃል የለም፣ ጉድለቱም እዚህ ላይ ነው። ውሻ ላለው ሰው ማዕበሉ የሚጀምረው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። አዲስ የወረደ በረዶ አብዛኛው አየር ስለሆነ ድምፅን ይውጣል፤ ውጭው ጭጭ ብሏል፣ መኪና የለም፣ የሰው ኮቴ የለም። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የውሻው ጥፍር ወለሉን እየቆረቆረ ወደ መኝታ ቤት ሲመጣ ይሰማል። አይጮኽም፣ አያላዝንም። አልጋው አጠገብ ቆሞ ከብርድ ልብሱ የወጣውን ክንድ በእርጥብ አፍንጫው ነካ ያደርግና ይጠብቃል። ባለጉዳይ ባለሥልጣን ደጅ ሲጠና አይቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ትዕግሥትና እንዲህ ያለ ርግጠኝነት ግን አላየሁም።

በሩ ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ነገሩ እዚያው ያበቃል፤ በረዶው በወዲያ በኩል ተደግፎታል፣ በመስኮት መውጣት ያማረው ካለ ይሞክር። ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ግን ትርኢት አለው። በሩ ሲሳብ ወገብ የሚደርስ ነጭ ግድግዳ ቆሞ ይገኛል፤ የጣውላው መስመር፣ የእጀታው ቅርጽ፣ የቁልፉ ቀዳዳ ዙሪያ ሳይቀር ታትሞበታል። ውሻው ግድግዳውን ከታች እስከ ላይ ያሸታል። ከዚያ ቀና ብሎ ጌታውን ያያል። በዚያ አስተያየት ውስጥ ወቀሳ የለም፤ ያለው ፍጹም እምነት ብቻ ነው። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ደጅ ታሳድራለች፤ ጌታውን የተማመነ ውሻም ፊኛውን ሞልቶ ይጠብቃል።

እንግዲህ አካፋ ይነሣል። በሌሊት ልብስ ላይ ካፖርት ተደርቦ፣ ጫማ በባዶ እግር ተጠልቆ፣ ትምህርቱን የጨረሰ፣ ደመወዝ የሚከፈለው፣ በሥራው ቦታ «አቶ» የሚባል ሰው ለውሻ ሽንት ቤት ይቆፍራል። በአሜሪካ ኮሎራዶ ሲልቨር ሌክ በሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1921 በ24 ሰዓት ውስጥ 193 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወርዷል። ይህን ቁጥር ባየሁ ቁጥር የሚያሳስበኝ መንገዱ ወይም ጣራው አይደለም፤ በዚያ ሌሊት እግረ አጭር ውሻ የነበረው ሰው ካለ ምን እንደዋጠው ነው።

ጠረጋው አልቆ ውሻው ሲወጣ ደግሞ ቦታ መረጣ ይጀመራል። አንድ ዙር ይዞራል፣ ያሸታል፣ ይተወዋል፣ ሌላ ዙር ይዞራል። ይህ ሰውን ለማብሸቅ የሚደረግ የሚመስለው ካለ ሳይንስን ይስማ። የቼክና የጀርመን ተመራማሪዎች 70 ውሾችን ለሁለት ዓመት ያህል ሲጸዳዱ ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ የምድር መግነጢሳዊ መስክ በተረጋጋበት ጊዜ ውሾች ሰውነታቸውን ከሰሜን ወደ ደቡብ አቅጣጫ ማድረግ ይመርጣሉ ብለዋል። ጥናቱ በዓመቱ የኢግ ኖቤል ሽልማት አግኝቷል፤ መጀመሪያ አስቀው ቀጥለው ለሚያሳስቡ ምርምሮች የሚሰጥ ሽልማት ነው። ከበር እስከ አጥር የተቆፈረው ጠባብ መንገድ ምሥራቅና ምዕራብ ሆኖበት አካፋውን ተደግፎ ለቆመ ሰው ግን ሳቁም ሐሳቡም አይመጣለትም። መስፋት አለበት፤ ያሰፋዋል።

ሰውየው እግሩ ደንዝዟል፣ ባዶ እግሩን የወጣው ውሻ ግን ምንም አልመሰለውም። ምሥጢሩ ደም ሥሩ ላይ ነው። ወደ መዳፉ ትኩስ ደም የሚያወርደው ቧንቧ፣ ቀዝቃዛውን ደም በሚመልሱ ቀጫጭን ቧንቧዎች ተከቧል፤ ወራጁ ሙቀቱን ለተመላሹ እያካፈለ ስለሚያልፍ ቅዝቃዜው ወደ ገላው ሳይዘልቅ መንገድ ላይ ይቀራል። በእርግጥ ይህ ጸጋ ወሰን አለው። ቡችላ፣ ያረጀና ጠጉሩ የሳሳ ውሻ ቶሎ ይንቀጠቀጣል፤ እግሩን በየተራ እያነሣ ከቆመ ምክክር አያስፈልግም፣ ማስገባት ነው።

ሲገባ ያለው ሥነ ሥርዓት ደግሞ ራሱን የቻለ ነው። በጣቶቹ መካከል ባለው ጠጉር በረዶው ተጠቅልሎ ሽንብራ የሚያህሉ ድቡልቡሎች ሠርቷል። መጎተት ጠጉር ይነቅላል፤ ለብ ባለ ውኃ ማሟሟት ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳፋ ይቀርባል፣ ፎጣ ይነጠፋል፣ ጌታ ተንበርክኮ የውሻ እግር ያጥባል። ውሻው አንዱን እግር ሰጥቶ ሌላውን ይነፍጋል፤ ሦስተኛው ላይ ሲደረስ የመጀመሪያውን መልሶ ይዘረጋል። እጥበቱ ለደንብ ብቻ አይደለም። በረዶ እንዲያሟሟ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው መዳፍ ያቃጥላል፣ ሲላስም ሆድ ያውካል። ከመኪና ራዲያተር የሚንጠባጠበው የፀረ በረዶ ፈሳሽ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢትሊን ግላይኮል የተባለ ጣዕሙ ጣፋጭ የሆነ መርዝ አለው፣ ኩላሊት ያጠፋል፣ ድመትን ለመግደል ደግሞ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ እንስሳው ከዚህ የቀመሰ የመሰለው ሰው ምልክት እስኪታይ ሳይጠብቅ ሐኪም ዘንድ ይደውል።

እመቤቲቱ ይህን ሁሉ ከወንበሯ ሆና ስትመለከት አድራለች። ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች፣ ትንጠራራለች፣ የፊት ለፊቱ በር እንዲከፈትላት በአጭሩ ታዝዛለች። ይከፈታል። አንድ እግሯን ዘርግታ በረዶውን ትነካና መዳፏን ታራግፋለች። ከዚያ ወደ ጓሮው በር ትሄዳለች፤ በዚያ በኩል ሌላ የአየር ጠባይ ሊኖር ይችላል ብላ ታምናለችና። የጓሮውም በር ይከፈታል። እዚያም በረዶ ነው። ዞር ብላ እልፍኝ አስከልካዩን ታየዋለች። በውሻው ዓይን ያልነበረው ወቀሳ በሙሉ እዚህ አለ፤ ይህን በረዶ ያዘዘው፣ ያስመጣውና የሁለቱንም በር ደጃፍ ያስሞላው ማን እንደሆነ እሷን አይጠፋትም። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ፤ ከቀትር በኋላ መጀመሪያ የተከፈተላትን በር እንደገና ታስከፍታለች።

ቤት የሌላቸው እኅቶቿ ይህን ያህል አይቀናጡም። ከቆመ መኪና ሞተር ሥር ገብተው ሙቀቱን ይሞቃሉ። ጠዋት ሞተር ከማስነሣት በፊት ኮፈኑን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ሰውየው ከመኪናው ጋር መነጋገር ጀመረ ቢል ይበል።

መብራት የጠፋ ዕለት ቤተ መንግሥቱ በሙሉ ወደ አንድ ክፍል ይሰደዳል። በቀቀኑ ከነጎጆው ይገባል፤ ሲገባም የመጥበሻ ወሬ አብሮት መግባት አለበት፤ የማያጣብቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ከልክ በላይ ሲግል የሚያወጣው ጢስ ወፍን በአጭር ጊዜ ይገድላል። ከሰል አቀጣጥሎ ወይም ጄኔሬተር አስነሥቶ ክፍሉን ላሙቅ የሚል ጀግናም ይከልከል፤ ከእነሱ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ገዳይ ጋዝ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው፣ ጌታና ሎሌ አይለይ። ሃምስተሯ፣ አይጥ መሳይዋ የቤት እንስሳ፣ ኳስ ሆና ቀዝቅዛና ተገትራ ብትገኝ ለቀብር አትቸኩሉ፤ ይህች ፍጥረት ብርድ ሲበረታባት ልቧንና ትንፋሿን አቀዝቅዛ የሞተች እስክትመስል ታንቀላፋለች፣ ቀስ በቀስ ስትሞቅ ትነቃለች። የተቀበሩ ስንት እንደሆኑ ባላስብ ይሻለኛል። ዓሣዎቹ አቤቱታ ስለማያቀርቡ መጨረሻ ይታወሳሉ። አየር የሚነፋላቸው መሣሪያ ቆሟል፣ ውኃውም መቀዝቀዝ ጀምሯል፤ ሙቀቱ እንዳያመልጥ ገንዳው በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። የትኛው ብርድ ልብስ? ድመቷ የተኛችበት አይነካም፣ ውሻው የተኛበት ረጥቧል። የሰውየው ነዋ።

እንዲህ ባለው ሰዓት፣ ውጭው ከአድማስ እስከ አድማስ በረዶ ሆኖ ሳለ፣ ሰውየው የሚጨነቀው ማቀዝቀዣው ቅዝቃዜውን እንዳያጣ ነው። በሩ ካልተከፈተ ለ4 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ምግብ የሞላበት በረዶ ማድረጊያው (ፍሪዘሩ) ደግሞ እስከ 48 ሰዓት። ውሻው ይህን ጉዳይ በቅርብ ይከታተላል፤ ማቀዝቀዣው ፊት ተጋድሞ የሚበላሸው ነገር መቼ ውሳኔ እንደሚያገኝ ይጠብቃል።

ስልኩ ባትሪ እስካለው ድረስ ማኅበራዊ ኑሮው አይቋረጥም። ዘመዱ ሁሉ ፎቶ ይጠይቃል፤ የሰውየውን አይደለም፣ ሹራብ የለበሰውን ውሻ። በረዶ በዓይኑ አይቶ የማያውቀው ደግሞ ምክር ይልካል፦ «ለምን ትጨነቃለህ? ውሾች እኮ ለበረዶ የተፈጠሩ ናቸው።» ምሳሌውም አላስካ ነው። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1925 ኖም የምትባል ከተማ ዲፍቴሪያ የተባለ የጉሮሮ በሽታ ሲገባባት፣ 20 ገደማ በውሻ የሚጎተት የበረዶ ተንሸራታች ነጂዎችና 150 ያህል ውሾች መድኃኒቱን እየተቀባበሉ 1,085 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ስድስት ቀን ባልሞላ ጊዜ አድርሰውታል። ረጅሙንና አደገኛውን ጉዞ የመራው ቶጎ የተባለ ውሻ ነበር። የመጨረሻውን መርቶ ከተማ የገባው ባልቶ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ ውስጥ ሐውልት የቆመው ለማን ይመስላችኋል? ለባልቶ። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሠራ ሰው ይህ ታሪክ አዲስ አይሆንበትም። የቤቱ መስፍን ግን ቶጎንም አይደለም፣ ባልቶንም አይደለም፤ ሶፋው ላይ በሹራቡ ተጀቡኖ ስለ ጀግኖች ይሰማል።

ነፋሱ ሲበርድ ጎረቤት ከጎረቤት ይገናኛል። በዚህ ሰፈር ሰው የሚታወቀው በውሻው ስም ነው፤ አብረው ዓመታት የኖሩ ሰዎች የአንዱን ውሻ ክትባት ያውቃሉ፣ የባለቤቱን ስም አያውቁም።

«የቡቺ አባት፣ እንዴት አደሩ?» ይላሉ ከአጥሩ ወዲያ ያሉት ሴትዮ፣ እግሯ ከአንድ ስንዝር የማያልፍ ውሻ በብብታቸው ይዘው። «ቡቺ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የእርስዎስ ልጅ?»

«ምን ደኅንነት አለ! ትላንት ስትሰምጥ በጆሮዋ ነው የሳብኳት። ይህን የመሰለ መንገድ የጠረገው ማን ነው? ሰፊ ነው እኮ!»

«ለእሱ ተብሎ ነው። አቅጣጫ ይመርጣል።»

ሴትዮዋ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር በዓይናቸው ለኩ። ፈቃድም አልጠየቁ፤ በአጥሩ በር ገብተው ውሻቸውን ከመንገዱ መካከል ቁጭ አደረጓት። ዞረች፣ አሸተተች፣ እንደገና ዞረች። ሁለቱ ሰዎች ለክብሯ ሲሉ ፊታቸውን ወደ ሌላ አዙረው ስለ አየሩ ተነጋገሩ። ቡቺም ከመስኮት ሆኖ ተቃውሞውን በጩኸት አሰማ። ጉዳዩ ሲጠናቀቅ ሴትዮዋ ውሻቸውን አንሥተው፣ መዳፏን በሻርፓቸው ጠርገው፣ ወደ በሩ አመሩና ዞር አሉ።

«ነገስ የሚከፈተው በስንት ሰዓት ነው?»