ተለማማጅ ነሽ ይሉኛል፣ ማን ያለማምደኝ?

ዛሬ ትንሽ ልተንፍስ። ረዘም ያለ ነው፣ የማይመቻችሁ እለፉት።

ድሬ ላይ የንግድ ጉዳይ በሚይዝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ውስጥ ተለማማጅ ነኝ። ስሙን አልጠራም። ብጠራውም ከሌሎቹ የሚለይ አይመስለኝም፤ ሐረር ያሉትም አዲስ አበባ የገቡትም የባች ልጆቼ የሚያወሩት ያው ነው። እናቴ ግን ለሰፈሩ ሁሉ "ጠበቃ ሆናለች" ብላ አውጃለች። እማዬ፣ ጠበቃ አይደለሁም። ፈቃድ የለኝም። ችሎት ፊት አፌን መክፈት አልችልም። ፋይል ተሸክሜ ኋላ ወንበር ላይ ነው የምቀመጠው።

የሚያናድደኝ እሱ አይደለም። ፈቃድ የሌለው ሰው ችሎት አይቆምም፣ ትክክል ነው። ደመወዙም ያው እንደምታውቁት ነው፣ ተዉት። እኔን የሚያቃጥለኝ የሚያስተምር ሰው መጥፋቱ ነው።

ድሬ ላይ የንግድ ክርክር ማለት በአብዛኛው ዕቃና ገንዘብ ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ የቆመ ኮንቴይነር፣ የጉምሩክ ጉዳዩን ከሚያስፈጽምለት ትራንዚተር ጋር የተጣላ አስመጪ፣ መንገድ ላይ የተበላሸ ጭነት። ከዚያ ደግሞ ሂሳቡ ውስጥ ብር የሌለው ቼክ። ሰዉ "ደረቅ ቼክ" ይለዋል፣ እኛ ክስ ላይ "በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ" ብለን እንጽፋለን። አለቃዬ አንድ የቼክ ፋይል ጠረጴዛዬ ላይ ጣል አደረጉና "ክስ አዘጋጂ" አሉኝ። ደስ አለኝ፣ በመጨረሻ ሥራ! "በመደበኛው ነው ወይስ በአጭር ሥነ ሥርዓት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "አንቺ ጀምሪው" አሉኝ። ጀመርኩት። አምሽቼ ጨረስኩት።

በማግስቱ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ። የመጀመሪያውን ገጽ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ሰረዙት። "ይሄ ክስ አይደለም" አሉና ስልካቸውን አነሱ። በቃ፣ ትምህርቱ ይኸው ነው።

ምኑ ነው ክስ ያልሆነው? ፍሬ ነገሩ? የማስረጃ ዝርዝሩ? ክስ ምን ምን መያዝ እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 222 ላይ ተዘርዝሯል። አንድ በአንድ እያየሁ ነው የጻፍኩት። ከሰዓት በኋላ የእሳቸው ታትሞ ሲወጣ ፕሪንተሩ ላይ ቆሜ አነበብኩት። በቁጥር 284፣ በአጭር ሥነ ሥርዓት ነበር የፈለጉት። ተከሳሹ ለመከላከል መጀመሪያ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ የሚጠይቅበት መንገድ ማለት ነው። እኔ ስጠይቃቸው "በአጭሩ" ቢሉኝ አንድ ቃል ነበረች። አንድ ቃል!

ዩኒቨርሲቲውም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። አምስት ዓመት በእንግሊዝኛ ተማርን። መውጫ ፈተናውን በእንግሊዝኛ ተፈተንን። ሥራ ስንጀምር ክሱም፣ መልሱም፣ ቃለ መሃላውም በአማርኛ ነው። ፍሬ ነገሩን ዳኛው በሚፈልገው ቅደም ተከተል በአማርኛ ማስቀመጥ ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ ክፍል ውስጥ ግን ማንም አላሳየንም። ከመምህሮቼ ይበልጥ ያስተማሩኝ ፍርድ ቤቱ አጥር ስር ጥላ ይዘው ማመልከቻ የሚጽፉ አንድ አባት ናቸው። ኮፒ ስጠብቅ ረቂቄን ተቀብለው አዩልኝ። "ልጄ፣ ታሪኩን አሳጥሪው። ስንት ብር እንደምትጠይቂና ከመቼ ጀምሮ ወለድ እንደሚታሰብ ቁልጭ አድርጊ" አሉኝ። ሻይ እንኳን አላስከፈሉኝም። እኚህ ሰው ቢሮ ቢከፍቱ እሳቸው ጋ ነበር የምለማመደው።

ሕጉ ራሱ ሰው ካላሳየሽ ያደናግራል። በ2013 አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ወጣ። የ1952ቱ ተሻረ ብለሽ ስታስቢ ግን ስለ ጭነት፣ ስለ ኢንሹራንስ፣ ስለ ቼክና ስለ ባንክ የሚናገረው ክፍል አሁንም እየሠራ ነው። እስቲ አስቡት፣ የድሬ ነጋዴ እንጀራ የጭነት መኪናና ቼክ ነው፣ እሱን የሚገዛው ደግሞ አሮጌው መጽሐፍ ነው። ኩባንያ ለማቋቋም አዲሱን፣ ቼክ ለመክሰስ አሮጌውን። ሁለቱንም ተሸክሜ ነው የምዞረው።

መዞር ካልኩ አይቀር፣ ስለ ባጃጁ ልንገራችሁ። ቢሯችን ከዚራ ሰፈር ነው። ውልና ማስረጃ፣ ባንክ፣ ንግድ ቢሮ፣ መዝገብ ቤት፣ ከዚያ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ደንበኛ ጋ ፊርማ ማስፈረም፤ ሁሉም የኔ ነው። በዚህ ሙቀት! ሂሳቡን ከኪሴ ነው የምከፍለው። እንዲመለስልኝ ስጠይቅ ምን ተባልኩ? "ደረሰኝ አምጪ።" የባጃጅ ደረሰኝ! አቦ፣ ድሬ ውስጥ ደረሰኝ የሚቆርጥ ባጃጅ ያየ ሰው ካለ ኮሜንት ላይ ሰሌዳ ቁጥሩን ይጻፍልኝ።

ደንበኛ ደግሞ ከምሳ በኋላ አይገኝም። በርጫ ላይ ነው፣ ጫቱን ይዞ። ስልክ ካነሳም "ነገ ጠዋት፣ ኢንሻአላህ" ነው። ሰነዱ ሳይመጣ ቀጠሮ ሲደርስ ግን ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ። "ለምን አላስመጣሽም?" ሰውዬውን ከፍራሹ ላይ ጎትቼ ላምጣው እንዴ? ቢሮ ሲመጡስ? "እህቴ፣ ጠበቃው የሉም? እስቲ ውሃ ስጪን።" አብሮኝ የገባውን ወንድ ልጅ "ጠበቃ" ይሉታል። እሱም ፈቃድ የለውም።

አሁን ዋናው ቀልድ። ለአንድ ፋብሪካ የሥራ ውሎችን እንድመረምር ተሰጠኝ። አሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ 1156/2011ን፣ ገልጬ ቁጭ አልኩ። ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ ለሠራተኛው ይስጥ። ሙከራ ከ60 የሥራ ቀን አይብለጥ። መደበኛ ሥራ በቀን ከ8 ሰዓት፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት አይለፍ። ይህን ሁሉ ለፋብሪካው አስተያየት አድርጌ የጻፍኩት ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ነው፣ ያለ ውል፣ ያለ ትርፍ ሰዓት ክፍያ። ጠዋት ስለ ራሴ ውል ስጠይቅ "አንቺ እኮ ሠራተኛ አይደለሽም፣ ተለማማጅ ነሽ" ተባልኩ። እሺ፣ ለተለማማጅም እኮ እዚያው አዋጅ ውስጥ የሙያ መልመጃ ውል የሚባል ነገር አለ። ይህን ስናገር አለቃዬ ሳቁ። "ጎበዝ ሆነሻል" አሉኝ። ውሉ ግን አልመጣም።

እውነት ለመናገር እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ደንበኛ ሲያስረዱ ብታዩዋቸው ይማርካሉ። ሳስበው እሳቸውንም ያስተማራቸው የለም። የጥብቅና ድርጅት የሚባለው በሕግ የተፈቀደው ገና በ2013 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1249። ከዚያ በፊት ጠበቃ ማለት ብቻውን ቢሮ ከፍቶ፣ ብቻውን ወድቆ ተነስቶ የሚለምድ ሰው ነበር። አሁን ብራቸውን አዋጥተው በር ላይ የድርጅት ታፔላ ሰቀሉ። ከሥራቸው ሰው ማሳደግ ግን ከታፔላው ጋር አልመጣም። ይገባኛል። ቢገባኝም የተሰረዘ ገጽ ተመልሶ ሲመጣልኝ ያናድደኛል። ከኅዳጉ ላይ "ለምን" የሚል አንድ መስመር ቢጽፉበት ምን ይጎድልባቸዋል? እኔ እኮ ሴሚናር አዘጋጁልኝ አላልኩም።

"ታዲያ ልቀቂና የራስሽን ክፈቺ" የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ለመክፈት ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ የሥራ ልምድ ያስፈልጋል። ለሥራ ልምዱ ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ደብዳቤውን የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ሌላ ቢሮ ያለች ጓደኛዬ በቅርቡ ጠይቃ ነበር። "መጀመሪያ ከመቼ ጀምሮ እዚህ እንደሠራሽ ማስረጃ አምጪ" አሏት። ውል አልሰጧት፣ ጡረታ አልቆረጡላት፣ ከየት ታምጣ?