ሂፕ ሆፕ በ90ዎቹ አልቀረም
«እውነተኛ ሂፕ ሆፕ ከ90ዎቹ ጋር አብሮ አበቃ» የሚለው ሐሳብ አልተዋጠልኝም። የድሮውን እኔም እንደ ነፍሴ እወደዋለሁ። የራፐሩ ናስ «ኢልማቲክ» የተባለው አልበም በ1994 እ.ኤ.አ. ሲወጣ ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነበር። አልበሙ 40 ደቂቃ እንኳ አይሞላም፤ የሚዘለል ዘፈን ግን የለውም። ከአልበሙ ዲጄ ፕሪሚየር ሙዚቃውን ያቀናበረውን «ኤን ዋይ ስቴት ኦፍ ማይንድ» በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ያ ጨለም ያለ ፒያኖ እየተመላለሰ ይመጣል፤ ናስ ደግሞ ፋታ ሳይሰጥ ቤት በቤት ላይ ይደርባል። ለዚህ መንገዱን የጠረገው ከእሱ በፊት የነበረው ራፐር ራኪም ነው፤ ከኤሪክ ቢ ጋር የሠራውን «ፔይድ ኢን ፉል» አልበም ያልሰማ ካለ ዛሬውኑ ይስማ።

ታዲያ የዘመናችንን ራፐር ኬንድሪክ ላማርን የት ልናደርገው ነው? አልበሙ «ዳም» በ2018 እ.ኤ.አ. የአሜሪካውን የፑሊትዘር የሙዚቃ ሽልማት ሲወስድ ከክላሲካልና ከጃዝ ውጪ የመጀመሪያው ሥራ ነበር። ለእኔ ግን ሌላው አልበሙ «ቱ ፒምፕ ኤ በተርፍላይ» ይበልጥብኛል፤ ጃዙና ፈንኩ ልብ ያሞቃል። የለንደኗን ራፐር ሊትል ሲምዝንም ሞክሯት፣ በተለይ የ2021ዱን አልበሟን።