መጀመሪያ ጣቱን ጠይቁት

ስትሮክ የመታው ሰው ቤተሰብ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ዶክተር፣ እጁ ይመለስለታል?» ወዲያው ዓይን ሁሉ ወደ ኤምአርአይ ፊልሙ ይዞራል። እኔ ግን ለዚህ ጥያቄ ፊልሙ ከልክ በላይ ይታመናል ባይ ነኝ።

ምስል አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። ደም ረግቶ ይሁን ደም ፈስሶ የሚለየው በሱ ነው፤ ሕክምናውም በዚያው ይወሰናል። ስለ ማገገም ሲሆን ግን የጉዳቱ ስፋት ያሳስታል። ከአንጎል ወደ ሰረሰር የሚወርደውን የእንቅስቃሴ መስመር የመታ ትንሽ ጉዳት እጅን ከጥቅም ውጭ ሊያደርግ ይችላል። ከመስመሩ ራቅ ያለ ሰፊ ጉዳት ደግሞ እጁን ሊምረው ይችላል።

አልጋው ዳር የሚሠራ ቀላል ሙከራ አለ። «ክንድዎን ወደ ጎን ያንሱ። ጣቶችዎን ይዘርጉ።» አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ የኔዘርላንድ ጥናት እንዳሳየው፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ትንሽም ቢሆን የቻሉ ታካሚዎች በ6 ወር እጃቸው በመጠኑም ቢሆን ነገር የመያዝ ዕድሉ 98 በመቶ ነበር። ሁለቱንም ያልቻሉት ዕድላቸው 25 በመቶ።

የኒውዚላንድ ተመራማሪዎች «ፕሬፕ» የሚባል የትንበያ ዘዴ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሲወጣ ኤምአርአይ ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከለስ ኤምአርአዩ ወጣ፤ ያለ እሱም ትንበያው ወደ 75 በመቶ ለሚሆኑት ታካሚዎች ልክ ሆነ። አሁን መጀመሪያ የክንድና የጣት ጉልበት ይለካል። ጉልበቱ ደህና ከሆነ ዕድሜ ይታያል፤ ድንበሩ 80 ዓመት ነው። ደካማ ከሆነ ራስ ላይ በሚያዝ ማግኔት አንጎሉ ይነቃቃል፤ ምልክቱ እጅ ድረስ ይደርስ እንደሆነ ይታያል። ካልደረሰ የስትሮኩ ክብደት ይታያል።

75 በመቶ ጥሩ ነው፤ ከአራት ሰው አንዱ ላይ ግን ይስታል። እኔን የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። «ይሄ እጅ አይመለስም» ከተባለ ፊዚዮቴራፒስቱ ይሰላቻል፣ ቤተሰቡም ተስፋ ይቆርጣል። ያልሠራ እጅ ደግሞ ይብስበታል። ከዚያ ትንበያው ትክክል የነበረ ይመስላል፤ ማን ይመረምረዋል?

በዚያ ላይ ቀኑም ለውጥ አለው። በኔዘርላንዱ ጥናት በ9ኛው ቀንም ሁለቱን እንቅስቃሴዎች ያልቻሉት ዕድላቸው ወደ 14 በመቶ ወርዷል። እንደኔ እንደኔ የጣቱ ሙከራ ቀኑ ተጠቅሶ ካርዱ ላይ ይጻፍ፣ ከሳምንት በኋላም ይደገም። ቤተሰብም «ፊልሙ ምን አለ?» ካለ በኋላ «ጣቱስ ተሞከረ? መቼ ይደገማል?» ብሎ ይጠይቅ።