«ደሴ ይግቡ» ሲባሉ እንቢ የሚሉ አባቶች

አሜሪካ ሆኖ ወሎ ያሉ አባቱን «መሬቱን ይተውትና ደሴ ይግቡ፤ ቤት እንከራይልዎታለን» የሚል ልጅ ብዙ ነው። አባት እሺ አይሉም፤ ልጅ ደግሞ ግትርነት ይመስለዋል። የማሳውን አፈር ደግፎ የያዘውን የድንጋይ ካብ አላየውማ!

አዮዋ ውስጥ አንድ ቤተሰብ እርሻውን 100 ዓመት ከያዘ ክፍለ ግዛቱ እውቅና ይሰጠዋል፤ ከቀድሞው ይዞታ ቢያንስ 40 ኤከር፣ ማለትም 16 ሄክታር ግድም፣ በእጁ መቅረት አለበት። መሸጥ እየቻለ አለመሸጡ ነው ክብሩ። እኛ ዘንድ ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ ወዲህ የገጠር መሬት አይሸጥም። ገበሬው መሬቱን በብር ሳይሆን በጉልበቱ ነው የሚለካው።

ደቡብ ወሎ ውስጥ፣ ለጋምቦ ወይም ኩታበር ተዳፋት ላይ ያለች ሁለት ጥማድ ማሳ፣ ግማሽ ሄክታር ገደማ፣ ምን እንደምትጠይቅ እንይ። መስመሩ በውሃ ልክና በገመድ ይያዛል። መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈራል፤ ትልልቁ ድንጋይ ከሥር ይገባል፣ ካቡ ወደ ዳገቱ ጋደል ይላል፣ ክፍተቱ በጠጠር ይጠቀጠቃል። መሠረት የሌለውን ካብ የክረምት ጎርፍ ጠርጎት ይወርዳል። ልኩ ከተዛባ ውሃው ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይጠራቀምና ይደረምሰዋል፤ ያ ደግሞ ከታች ያለውን የጎረቤት ካብ ይዞ ይሄዳል። አጨዳ ሲያልቅ የሚለቀቀው ከብት ጫፉን ይንዳል፤ በድንጋዩ መሐል አይጥ ይራባል። አፈሩ ካቡን በሞላው ቁጥር አንድ ረድፍ ይጨመራል። የአያት ረድፍ ከታች፣ የአባት ከላይ፤ ዛሬ ገብስ የሚበቅልበት አፈር እነዚያ ድንጋዮች ያስቀሩት ነው። እትብት የተቀበረበት አገር ሲባል እኔ የሚታየኝ ይህ ነው።

በ1977ቱ ድርቅ ወደ መተከልና ኢሉባቦር ለሰፈራ ከተወሰዱት ወሎዬዎች ብዙዎቹ ተመልሰዋል። ወባውና ግዳጁ ገፍቷቸዋል፣ እውነት ነው፤ ግን ለም አገር ትተው የመጡት ወደዚያው ወደ ጭንጫው ነው።

ስለዚህ አባትን ከማስወጣት ይልቅ ካቡን ማትረፍ ይሻላል። ጥገናው በጥር ካልተጀመረ ደጋው ላይ በልግ ይጥልና ሰውም በሬም ወደ እርሻ ይሄዳል፤ ለሠራተኛ የሚላክ ገንዘብ ከዚያ በፊት ይድረስ። ጉልበት ያነሳቸው አባት መሬቱን ለእኩል፣ ማለትም ምርቱን ለሚካፈል አራሽ፣ ከሰጡ ደግሞ ሌላ ችግር አለ፦ አራሹ የከርሞ ዋስትና ስለሌለው ድንጋይ አያነሳም። ውሉ ላይ ካቡን ማን እንደሚጠግን፣ በየትኛው ወር እንደሚጠግን በግልጽ ይጻፍ።