ጨለማ አይፈራም የተባለው ሌንስ

ኤጭ! ይሄ ሌንስ አንድ ቀን ጨጓራዬን ይልጠዋል። ዞርኪ 4 የሚባል የድሮ የሶቪየት ፊልም ካሜራ ላይ የተገጠመ ጁፒተር 3፣ 50 ሚሊሜትር፣ ኤፍ 1.5 (ቀዳዳው ሰፊ፣ ብዙ ብርሃን የሚያስገባ ማለት ነው)። "ጨለማ አይፈራም" ተብዬ ነው የገዛሁት። እሱማ አይፈራም፤ የምቸገረው እኔ ነኝ።

ባለፈው ወር ቱሉ ዲምቱ መብራት ጠፋ (መች በርቶ ያውቅና!)። እማማ በሻማ ቡና ያፈላሉ። ካሜራዬን አነሳሁ። ሬንጅፋይንደሩ (ትኩረት ማስተካከያው መስኮት) ውስጥ ፎቶው እንዲጠራ መገጣጠም ያለባቸውን ሁለቱን ምስል ላጋጥም ብል የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም። ዓይኔን አጥብቤ፣ ቀለበቱን ወዲህ ወዲያ...

"አንተ ልጅ፣ ቡናው ቀዘቀዘ እኮ!"

አንድ ሜትር ላይ የሌንሱ ቀዳዳ ሙሉ ሲከፈት ጥርት የሚለው ጥልቀት ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ብቻ ነው። እሳቸው ደግሞ ሊቀዱ ጎንበስ ይላሉ፣ ቀና ይላሉ። እንደ ሐውልት ቁሙ አልላቸው ነገር!

በስንት መከራ ያገኘሁት ፊልም ታጥቦ ሲመጣ የጀበናዋ አንገት ቁልጭ ብሏል። ስንጥቋ ሳይቀር ይታያል። የእማማ ዓይን ግን ጉም ነው።

የጎረቤት ልጅ በተሰነጠቀ ስልኩ አንድ ጊዜ ቀጭ አድርጎ ነበር። እማማ ያሳጠቡት የሱን ነው።