ተኩሱን ማን ቀድሞ ሰማ?

እ.ኤ.አ. በ2011፣ ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ከተማ። የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና። ያን ምሽት ሀበሻ የሚያስታውሰው በኢብራሂም ጄይላን ነው። በ10 ሺህ ሜትር ሞ ፋራህን መጨረሻው ላይ ደርሶበት፣ አልፎት ወርቁን ወሰደ። የቀረው ዓለም ግን ምሽቱን በሌላ ነገር ነው የሚያነሳው። በ100 ሜትር ፍጻሜ የወቅቱ የዓለም ፈጣን ሰው ጃማይካዊው ዩሴን ቦልት የማስጀመሪያው ተኩስ ሳይሰማ ተፈተለከ። ዳኛ እስኪፈርድበት እንኳ አልጠበቀም፤ ማሊያውን ከላዩ ላይ ገፍፎ ጮኸ። ገብቶታል። እሱ ወጣ፣ ሩጫው ቀጠለ፣ የአገሩ ልጅ ዮሃን ብሌክ በ9.92 ሰከንድ አሸነፈ።

እዚህ አሜሪካ እሁድ ጠዋት ነበር። ቡና ተፈልቶ ተሰብስበን እናያለን። ጋሼ የምላቸው አንድ ጎረቤቴ ከሶፋው ብድግ አሉ። "እንዴ! ሰው ሁሉ የመጣው እሱን ሊያይ አይደል እንዴ? አንዴ ቢያልፉት ምን አለበት?" እዚሁ የተወለደችው የልጅ ልጃቸው ከስልኳ ቀና ሳትል "ህጉ ነዋ፣ አባባ" አለች። ክርክሩ ቡናው በረካ እስኪደርስ አልበረደም።

ልጅቷ እውነቷን ነው። ከ2010 ጀምሮ በአጭር ርቀት አንድ ጊዜ ካለ ጊዜህ ከተነሳህ በቃ፣ ትወጣለህ። ከዚያ በፊት የመጀመሪያው ጥፋት ለሁሉም ሯጭ ማስጠንቀቂያ ሆኖ ይቆጠር ነበር። የሚባረረው ሁለተኛውን ያጠፋ ነው። ይሄ ደግሞ ለተንኮል በር ከፈተ። አነሳሱ ደካማ የሆነ ሯጭ ሆን ብሎ አንዴ ይነሳና ሌሎቹን ያስፈራቸዋል። ጭቅጭቁም ነበር። በ2003 ፓሪስ ላይ አሜሪካዊው ጆን ድረመንድ ሲባረር መሮጫው ላይ በጀርባው ተንጋሎ ተኛ። "አልተንቀሳቀስኩም!" እያለ አልነሳም አለ። የሆነ መሥሪያ ቤት ደጃፍ ላይ ጉዳዩ ካላለቀ ንቅንቅ አልልም ያለ ባለጉዳይ ነበር የሚመስለው።

ከሁሉም የከፋው ግን የአሜሪካዊው መሰናክል ሯጭ የዴቨን አለን ነው። 2022፣ ዩጂን፣ ኦሪገን። የ110 ሜትር መሰናክል ፍጻሜ። ልጁ የተማረው እዚያው ኦሪገን ዩኒቨርሲቲ፣ ስታዲየሙም የዩኒቨርሲቲው ነው። ተመልካቹ የራሱ ሰው። ህጉ ከተኩሱ በኋላ ከ0.100 ሰከንድ በታች የተነሳ ሰው ገምቶ ተነሳ እንጂ ሰምቶ አልተነሳም ይላል። እሱ 0.099 ሆነበት። አንዲት ሺህኛ! ለመነ፣ ተመልካቹ ጮኸለት፣ አልሆነም። ወጣ።

አገር ቤት ቢሆን ብዬ አሰብኩ። ልጁ የሰፈሩ ልጅ፣ ሜዳው የሰፈሩ ሜዳ፣ ጉድለቱ አንዲት ሺህኛ። ማን ጨክኖ ያስወጣዋል? እኛ አንድ ቢሮ ጉዳይ አለኝ ስንል ወዳጅ መጀመሪያ የሚጠይቀን "እዚያ ሰው አለህ?" ብሎ ነው። ወረቀቱ ተሟልቷል ወይ የሚለው በኋላ ይመጣል። እዚህ የፍጥነት ቅጣት ቤቴ ድረስ በፖስታ ሲመጣ፣ ውስጡ የታርጋዬ ፎቶ ብቻ አለ። የማን ልጅ እንደሆንኩ የጠየቀ የለም። ይናደዱበታል፣ ግን ይከፍሉታል። (በርግጥ ለጠበቃ የሚከፍል ገንዘብ ያለው ሰው ተከራክሮ የሚያስቀንስበት ጊዜ አለ። ፈረንጅም ሰው አለው፤ የሱ ሰው በሰዓት ነው የሚከፈለው።)

ደግሞ የአገር ቤቱ ማለፍ ሁሉ ክፉ አይደለም። ቀበሌ ሰልፍ ላይ አንዲት አሮጊት ሲመጡ "እማማ ይለፉ" ይባላል። ሰልፈኛው ሁሉ አይቶ፣ ወዶ ነው ያሳለፋቸው። ይሄን እዚህ አጥቼዋለሁ፣ ይናፍቀኛል። የሚያንገበግበው በጓሮ በር የሚገባው ነው። እኛ ፊት ለፊት ቆመን ጉዳዩን ጨርሶ የሚወጣው።

ስለ ዳኛው ይሄን ካልኩ ስለ ድምፅ ማጉያው ልንገራችሁ። በየሯጩ መነሻ ብሎክ ጀርባ አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ አለ። ቴሌቪዥን ላይ ልብ ብሎ ላላየ አይታይም። ሥራው ተኩሱን ለሁሉም እኩል ማሰማት ነው። ተኳሹ መሮጫው ዳር ቆሞ ቢተኩስና ማጉያው ባይኖር፣ ለሱ የቀረበው ሯጭ ቀድሞ ይሰማል። አንዱ የመሮጫ መስመር 1 ሜትር ከ22 ሳንቲም ነው። ከ1ኛው እስከ 8ኛው ስምንት ሜትር ተኩል ይርቃል። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ዳር ያለው 0.025 ሰከንድ ዘግይቶ ይሰማል ማለት ነው። ይቺ ምን አላት? በ2024 የፓሪስ ኦሊምፒክ ኖህ ላይልስ ኪሼን ቶምፕሰንን በ100 ሜትር የቀደመው በ0.005 ሰከንድ ነው። 9.784 ለ9.789። ስለዚህ የመስማቱ ልዩነት ብቻውን ወርቁን ከአንዱ አንገት ወደ ሌላው ያዞራል።

አገር ቤት የጎደለን ይሄ ማጉያ ይመስለኛል። ስለ ጓሮ በር ብዙ እናወራለን። ቀድሞ ስለሰማው ሰው ግን አናወራም። "ይህ ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ባሉት 5 ተከታታይ የሥራ ቀናት" የሚለውን ወረቀት ታውቁታላችሁ። አርብ ከሰዓት በኋላ ግቢ ውስጥ ያለ ሰሌዳ ላይ፣ ከሌላ ወረቀት በላይ ተደርቦ ይለጠፋል። ውስጥ ያለው ሠራተኛ ለእህቱ ልጅ ሐሙስ ነግሮታል። የእህቱ ልጅ ዲግሪም አለው፣ ጎበዝም ነው፣ ምንም ወንጀል አልሠራም። ቀድሞ ሰማ፣ በቃ። ሌላው ግን ወረቀቱን ሲያየው አራተኛ ቀኑ ነው፤ የትምህርት ማስረጃውን ኮፒ እስኪያስደርግ መብራት ይጠፋል።

ፍትሃዊ ለመሆን፣ አለን በተባረረበት በዚያው ሐምሌ አዲስ አበባ ላይ የሆነውንም ላንሳ። ከ25 ሺህ በላይ ለሆኑ የኮንዶሚኒየም ቤቶች በኮምፒውተር ዕጣ ወጣ። ቀናት ሳይቆይ መረጃው ውስጥ ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መግባታቸው ተደረሰበትና ከተማ አስተዳደሩ ራሱ ዕጣውን ሰረዘው። ካለ ጊዜ የተነሳ ሩጫ ተመልሶ እንደሚጀመረው በኋላ እንደገና ወጣ። ስንቱ በጊዜው ደስታውን ጨርሶ እንደነበር አስቡት።

እዚህስ? ስንመጣ ተኩሱ ለሁሉም እኩል የሚሰማ መስሎን ነበር። የልጆች የሰመር ካምፕ ምዝገባ በብዙ ቦታ የሚከፈተው በጥር በየካቲት፣ በረዶ እየጣለ ነው። እኛ ግንቦት ላይ ትምህርት ሊዘጋ ሲል "ልጁን ምን ላድርገው?" ብለን ስንነሳ የቀረው ውዱ ብቻ ነው። የኮሌጅ እርዳታ ማመልከቻም፣ የትምህርት ቤት ምርጫም እንደዚያው። ማንም አልከለከለንም። ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ በደማቁ። ነጩ ጎረቤቴ ግን ድረ ገጹን አላነበበም። እናቱ ነግራዋለች። እሷም በልጅነቱ ጥር ላይ ነበር የምታስመዘግበው።

ባለፈው ጥር አንዲት የሰፈራችን እናት የቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ጻፈች። "የከተማው ካምፕ ምዝገባ ሰኞ ማለዳ ይከፈታል፣ አላርም ሙሉ፣ ሊንኩ ይኸው።" በብዙ ልብና በብዙ እጅ ተመሰገነች። ማታ ደግሞ ደውለው "ምነው ለሁሉም አወራሽው፣ ቦታው ይሞላብን የለም እንዴ?" ያሏት ነበሩ።