አረቦን ሲሰበሰብ ውድ፣ ካሳ ሲከፈል አሮጌ

ባለፈው ሳምንት ከአንድ ኢንሹራንስ ኩባንያ የወጣ ደብዳቤ ደብረ ማርቆስ ደረሰ። የተጻፈው ለአጎቴ ነው። የ1965 ሞዴል ቮልሳቸውን ዳር ይዞ በቆመበት ፍሬን የበጠሰ አይሱዙ ገጭቶባቸዋል። ኩባንያው መኪናው ከጥገና በላይ ነው ብሎ ወሰነ። እሺ፣ ይሁን። ካሳው ግን 210 ሺህ ብር ነው ይላል። መድን የተገባለት በ650 ሺህ ብር ነው። የቀረበው ምክንያት አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ተሽከርካሪው ከተመረተ ረጅም ዘመን ስላለፈው «የእርጅና ቅናሽ» ተደርጎበታል።

ይህን ሳነብ ደሜ ፈላ። አጎቴ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ይቺው መስመር ነገ ፍኖተ ሰላም ላይ ላንድሮቨር ላቆየ፣ ባሕር ዳር ላይ ፊያት 600 ለሚንከባከብ ሰው ትጻፋለች።

እስቲ ይህን የእርጅና ቅናሽ የሚሉትን እንየው። ውሉ የታደሰው ከአደጋው ጥቂት ወራት በፊት ነው። ያኔም መኪናው የ1965 ሞዴል ነበር። ሊብሬው ላይ ተጽፏል። የኩባንያው ሰው ራሱ ዞሮ አይቶታል፣ ፎቶ አንስቶታል፣ ግምቱን ተቀብሎ ፈርሟል። ታዲያ በእነዚህ ወራት ውስጥ 440 ሺህ ብር የሚያወጣ እርጅና ከየት መጣ? ስልሳ ዓመት ገደማ የኖረ መኪና ከበጋ እስከ ክረምት ድንገት አረጀ ማለት ነው?

አጎቴ ስልክ ደውለው ሲጠይቁ ደግሞ ከደብዳቤው የባሰ መልስ ተሰጣቸው። «ቮልስ ብርቅ አይደለም፣ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተመርቷል» አሏቸው። አዎ፣ ተመርቷል። ግን ጀርመን ይህን መኪና ማምረት ያቆመችው በ1978 ነው። የመጨረሻው ሜክሲኮ ውስጥ የተገጣጠመው በ2003 ነው፤ ሁለቱም በአውሮፓ አቆጣጠር። ሜክሲኮ ያለ ቮልስ ለደብረ ማርቆስ ሰው ምን ይሠራለታል? ካሳ ማለት የጠፋውን መተካት ነው። ሂዱና ተኩልን! አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ ወዲህ ያረጀ መኪና ለማስገባት ኤክሳይስ ታክሱ ብቻ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ጭራሽ ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው ቮልስ ያለው ብቻ ነው። አንዱ በተገጨ ቁጥር የቀሩት ዋጋ ይወጣል እንጂ አይወርድም። ይህን ለማወቅ ገማች መሆን አያስፈልግም።

የእርጅና ሠንጠረዥ የሚባለው ነገር ለተራ መኪናችን እንኳ መቼ ሠርቶ ያውቃል? ዲኤክስ ገዝቶ፣ ዓመታት ነድቶ፣ ከገዛበት በላይ የሸጠ ሰው የማያውቅ ማን አለ? ቪትዝም እንደዚያው። እዚህ አገር መኪና እየተነዳ ዋጋ ሲጨምር ኖሯል። ላሜራው ኦሪጅናል የሆነ፣ ስቱኮ ያልነካው፣ ሞተሩ በመጀመሪያ ቁጥሩ ያለ ቮልስ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነገር ነው። መለዋወጫውን አጎቴ ከሶማሌ ተራ እየለቀሙ ነው እዚህ ያደረሱት። የከተማው ሙሽሮች ተራ ይዘው ይከራዩታል። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ የሚቀዘቅዘውም በአየር ነው። ራዲያተር የለውም። ዓባይ በረሃን ሲወጡ ሌላው መኪና ፈልቶበት ዳር ሲይዝ እሱ ቀስ እያለ ደጀን ይገባል። ይህን ሁሉ የኩባንያው ወረቀት «ያረጀ» በምትል አንድ ቃል ዘጋው።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ግን ሌላ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ይኸው ኩባንያ ለአጎቴ ምን አላቸው? የመኪና ዋጋ ጨምሯል፣ ግምትዎን ከፍ ያድርጉ አላቸው። 400 ሺህ የነበረው 650 ሺህ የገባው በእነሱ ምክር ነው። ለመድኑ የሚከፍሉት አረቦንም አብሮ ወጣ። አጎቴ ሳያንገራግሩ ከፈሉ። ለምን ከፈሉ? አንሶ የተገመተ ንብረት ካሳው በዚያው ልክ እንደሚቆረጥ ስለተነገራቸው። 600 ሺህ የሚያወጣ መኪና በ300 ሺህ ብታስመዘግቡ፣ የ100 ሺህ ብር ጉዳት ሲደርስ የሚከፈላችሁ 50 ሺህ ነው። «ንብረትህ ካልከው በላይ ያወጣል» ይሉሃል። እሺ ብለህ በትክክለኛ ዋጋው ስታስመዘግብ ደግሞ «ንብረትህ ካልከው በታች ነው የሚያወጣው» ይሉሃል። ዝቅ ብታደርግ ይቆርጡሃል፣ ከፍ ብታደርግ ይቆርጡሃል። በመኸር ጤፍ ሲገዛ በትልቅ ቁና፣ በክረምት ሲሸጥ በትንሽ ቁና የሚሰፍር ነጋዴ ጎጃም ውስጥ ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህ ደብዳቤያቸው ላይ ማኅተም ስላለ ነው ስሙን የማንጠራው?

ሕጉን እንደሚጠቅሱ አውቃለሁ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ፣ ካሳው ጉዳቱ በደረሰበት ቀን ንብረቱ ከነበረው ዋጋ አይበልጥም ይላል። ልክ ነው፣ ኢንሹራንስ ሎተሪ አይደለም። ነገር ግን ሕጉ የሚለው «በዚያ ቀን የነበረው ዋጋ» ነው። ከተመረተበት ዓመት ተነሥተህ ቀንስ አላለም። በዚያ ቀን የነበረው ዋጋ የሚገኘው ቮልስ ከሚሸጡና ከሚገዙ ሰዎች ዘንድ ነው። ገማቹ አንዳቸውንም አልጠየቀም። ቢጠይቅ 210 ሺህ የሚል ቁጥር አፉ ላይ አይመጣም ነበር።

ቅሪቱስ? ኩባንያው 210 ሺህ ከፍሎ የተገጨውን መኪና ይረከባል። ከዚያ ጨረታ ያወጣዋል። በሩ፣ ማርሹ፣ መስታወቱ፣ ሞተሩ ያለ መኪና ነው። ተሸጦ ከካሳው ባይበልጥ ይገርመኛል።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለ መኪና «የስምምነት ዋጋ» የሚባል ውል አለ። ገና ሲፈረም ባለሙያ ያየዋል፣ ዋጋ ይቆረጥለታል፣ ሙሉ በሙሉ ከወደመ ያ ገንዘብ ይከፈላል። የኛ ኩባንያዎች ይህን ለማቅረብ የሚቸግራቸው ነገር የለም። ግምቱን አይተው መፈረምን ያውቁበታል። የሚቀረው ፊርማቸውን ማክበር ነው። ብሔራዊ ባንክም የሚቆጣጠራቸው እሱ ነውና፣ ሙሉ አረቦን የተከፈለበትን ግምት በክፍያ ቀን በሠንጠረዥ መሸርሸርን በመመሪያ መከልከል አለበት።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ እጃችሁ የገባ ሰዎች ቶሎ አትፈርሙ። «ክፍያው የመጨረሻ ነው» የምትለው ወረቀት ላይ ከፈረማችሁ በኋላ መከራከር ከባድ ነው። ስሌቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የራሳችሁን ገማች አቁሙ። የተሸጡ ተመሳሳይ መኪኖችን ውል ሰብስቡ። ይርጋው፣ ማለትም ክስ ማቅረቢያው ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ስለሆነ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። የመድን ውላችሁ (ፖሊሲው) ላይ የግልግል ዳኝነት አንቀጽ ካለ በእሱ ጀምሩ።

አጎቴ አልፈረሙም። 440 ሺህ ብሩ በየትኛው ሠንጠረዥ፣ በየትኛው ዓመት፣ በስንት በመቶ እንደተቀነሰ በዝርዝር እንዲገለጽላቸው ደብዳቤ አስገብተዋል። መልሱ ሲመጣ እዚሁ አወጣዋለሁ።